ማጉያው በእጄ በነበረ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ፒያሳ ላይ ቡና ጋበዘችኝ። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ብልህ ልጅ ናት። «አባባ፣ መሪዎች ሕዝቡን ለጦርነት የሚያስነሡት ምን ብለው ነው? ሰውስ ልጁን ለመስጠት እንዴት እሺ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጥናቷ የሚሆን ነገር እንደምትፈልግ ገብቶኛል። እኔ ግን ቡናው አልወርድልህ አለኝ፤ የጠየቀችኝ ነገር እንጀራዬ ነበርና። ለእርሷም ለእኩዮቿም መልሱን በጽሑፍ ላድርገው።

በ1990 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ የድምፅ ማጉያ በተጫነባት ላንድሮቨር እየዞርሁ የምለፍፍ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ። የክትባት ቀን፣ የግብር ጊዜ፣ የጠፋ ሕፃን፣ ሁሉም በእኔ ድምፅ ነበር የሚነገረው። ግንቦት ላይ የኤርትራ ጦር ባድመን ሲይዝ የማነብበው ወረቀት ተለወጠ። በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር፤ «ወረራ»፣ «ሉዓላዊነት»፣ «ተገደን የገባንበት» የሚሉ ቃላት የሞሉበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወረቀቱ ደረቅ ነበር። «ሉዓላዊነት» የሚለውን ሰምቶ ሽንኩርት መመዘኑን ያቆመ ነጋዴ አላየሁም።

አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁና ከራሴ ተናገርሁ። «የጎንደር ልጅ! ድርቡሽ ከተማህን ሲያቃጥል አያትህ የት ነበር? ዛሬስ አንተ የት ነህ?» አልሁ። ገበያው ጸጥ አለ። ከእህል ተራ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ከፍ አድርገው «ዘራፍ!» አሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ድርቡሽ የምንለው የሱዳን ማህዲስቶች ጦር ጎንደርን ያቃጠለው በ1880 ዓ.ም. ነው። ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲሆን፣ ያተረፉትም ንቦች ናቸው ይባላል። አያቴ ንቦቹን ራሷ ያየች ይመስል ነበር የምትተርከው፤ በ1880 ግን ገና አልተወለደችም። ያ እሳት ከባድመ ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም። ጨምር ያለኝም ሰው አልነበረም። ገበያው ጸጥ ሲልልኝ ደስ ስላለኝ ብቻ በሁለተኛው ሳምንት ደገምሁት፤ ከዚያ አለቆቼም ወደዱት።

ሾፌራችን በካራማራ የተዋጋ፣ በ1983 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር የተበተነ ሰው ነበር። እንደ እርሱ ያሉት ሰባት ዓመት «የደርግ ወታደር» ሲባሉ ኖረው፣ በዚያ ክረምት ልምድ ያላቸው ጀግኖች ተባሉና ተጠሩ። እርሱ በእግሩ ጉዳት ቀረ። ሥራ ላይ ቃል አይተነፍስም ነበር። አንድ ማታ መኪናውን ሲያቆም «የተጻፈው አይበቃም? አንተ ለምን ትጨምራለህ?» አለኝ። ፈሪ መሰለኝ። ካራማራ የተዋጋውን ሰው!

በቅዳሜ ገበያ ጆንያ የሚሸከም አንድ ልጅ ነበር። የድርቡሽን ነገር በቃሉ ይዞ ከእኔ አሳምሮ ይላት ነበር። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሼ፣ ባድመ ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ካርታ ላይ እንኳ ፈልጌ አላየሁም። «ለወንድ ልጅ ሩቅ አገር የለም» አልሁት። ሳቀ። ሰኞ ተመዘገበ።

ከዚያ የሆነውን መጻሕፍት ይነግሯችኋል። ውጊያው በ1992 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቆመ፤ የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ተፈረመ። በሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ሲወስን ባድመ ለእኛ ተፈረደች ተባለ፤ ቆይቶ ግን ለኤርትራ መወሰኗ ታወቀ። በ1998 ደግሞ የካሳ ኮሚሽኑ ጦርነቱን በመክፈት ሕግ የጣሰችው ኤርትራ መሆኗን ወሰነ። ስለዚህ ወረቀቱ «ወረራ» ሲል አልዋሸም። የእኔ ድርቡሽ ግን በየትኛውም ውሳኔ ውስጥ የለም።

ጦርነት ሁሉ ማታለል ነው እያልኋችሁ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ታላቅ ወንድሜ ዘምቷል፤ ሶማሊያ በእርግጥም ወርራን ነበርና ዛሬም እኮራበታለሁ። የምኒልክን የአድዋ ክተት ሳነብ አሁንም እንባዬ ይመጣል። «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ ርዳኝ» ይልና ወረድ ብሎ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ» ይላል። ልመናውና ዛቻው በአንድ ትንፋሽ። ሚስት፣ ልጅ፣ ሃይማኖት፣ አገር፦ በ1888 ዓ.ም. የተባለው በ1969ም በ1990ም ተብሏል። ቃሉ አንድ ስለሆነ እውነቱን ከቃሉ ብቻ አትለዩትም። እኔ ስናገር አንጀቴ ይላወስ ነበር፤ ያ ግን ባድመ የት እንዳለች እንዳውቅ አላደረገኝም።

መሪ ራሱ መጥቶ አያሳምናችሁም፤ የምታምኑትን አፍ ይዋሳል። ዛሬ ደግሞ መዋስም አያስፈልገው። እናንተ ማጉያውን በየኪሳችሁ ይዛችሁ፣ የሰማችሁትን ሳታጣሩ፣ ከራሳችሁ ጨምራችሁ ታሰራጫላችሁ። እኔ ቢያንስ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ይህን ስላት ልጅቱ ተቆጣች፤ «እኛ እኮ እንደ እናንተ አናምንም፣ እንጠይቃለን» አለች። እርሷስ ትጠይቃለች፤ ቡናዬን ያስጣለኝ ጥያቄዋ አይደል።

የልጁ መርዶ የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። እናቱ በርበሬ ቸርቻሪ ናት። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ አወቀችኝና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ወንድም ዓለም፣ ያችን የድርቡሽን ነገር ልጄ ሌት ተቀን ይላት ነበር። እስቲ አንተ በላትና ልስማት» አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ አልኋት። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «አልተሰማኝም፣ ጮክ በል» አለች።