ዘግይቶ ለሚዘራ ካሮት መጀመሪያ ዶማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቀበና ግቢያችን ውስጥ 2 በ3 ሜትር የሆነች የጥቁር አፈር መደብ አለችኝ። ክረምቱን የሐበሻ ጎመን ነበረባት፤ ሰኔ ላይ የከብት ፍግ አድርጌባታለሁ። አሁን ጥቅምት ሊጋመስ ነው፤ ካሮት ለመዝራት ረፍዷል? አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ ስላለኝ ልበትንበት? አምና የዘራሁት እግሩ እንደ ሱሪ ተከፍሎ፣ ጢም አብቅሎ ወጣ።

መልስ፦ አልረፈደም። አሁን የተዘራ ካሮት ከ90 እስከ 110 ቀን ውስጥ ስለሚደርስ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ይነቅሉታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። የሚያስቸኩልዎ አፈሩ ነው፤ ጥቁር አፈር ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጭቃነት ወደ ድንጋይነት ለመዞር ጊዜ አይፈጅበትም።

ኩሱን ግን ይተዉት። አምናም ኩስ በትነው ከነበረ፣ ጢሙና መንታ እግሩ ምናልባት የመጣው ከዚያ ነው፦ ያልበሰለ ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ቅጠሉን ያንዠረግገዋል፣ የወጣቱን ሥር ጫፍ ያቃጥለዋል፤ ጫፉ የሞተ ሥር ደግሞ ወደ ጎን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ካሮት በጥሬው ይበላል፤ የኩሱ ጀርም አብሮ ማዕድ ይቀርባል። ከደረቅ ቅጠል ጋር ከምረው ለሚቀጥለው ክረምት ጎመን ያብስሉት። ለካሮቱ የሰኔው ፍግ ትራፊ ይበቃዋል፤ ዩሪያም አያሻውም።

ቁፋሮው ላይ አይሰስቱ። ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጥተው ይጨብጡ፦ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ 2 ወይም 3 ቀን ይታገሡ፤ ሲነኩት ከፈረሰ ዛሬውኑ ይቆፍሩ። ደርቆ ከተሰነጠቀ አጥግበው አጠጥተው ጥቂት ቀን ያቆዩት። እርጥቡን የቆፈረ ሰው ጡብ ይጋግራል፣ ካሮትም ጡብ አይበሳም። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጠጠር፣ ጠርሙስ፣ የጎመን ሥርና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ይልቀሙ፤ መሐል ከተማ የግንባታ ፍርስራሽ የሌለበት ጓሮ ብርቅ ነው። በደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርገው ከፈላ ኖራ ወይም ሲሚንቶ አለበት፤ አመድ አይጨምሩ። ካልፈላ ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ እፍኝ የእንጨት አመድ ይበቃል።

ከዚያ በደንብ የበሰለ፣ የአፈር ሽታ ያለው ብስባሽ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ፣ ለመደብዎ 18 ኪሎ ገደማ፣ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ጋር ይቀላቅሉ። ጥቂት አሸዋ መጨመር አይጠቅምም፤ ከጥቁሩ አፈር ጋር ተጋግሮ ያጠነክረዋል። የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ከሽምብራ የሚበልጥ ጓል አይኑርበት።

ለ6 ካሬ ሜትር 3 ግራም ዘር ይበቃል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በ25 ሴንቲ ሜትር መስመር፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ። መስመሩን በጥቁሩ አፈር ሳይሆን በተነፋ ብስባሽ ይሸፍኑ፤ ጥቁሩ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ቡቃያውን ያፍነዋል። እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ከሥሩ ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ እንደታየ ያንሱት። በእኛ ብርድ እስከ 20 ቀን ሊቆይ ይችላል። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ በርሜል ይሙሉ፤ በእነዚህ ቀናት አንዴ ከደረቀ አለቀ። የቀበናን ወንዝ ውሃ ግን በጥሬ ለሚበላ ሥር አይሞክሩት።

5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አጠጥተው ያሳሱ፤ መጨረሻ ላይ በተክሎቹ መሐል 5 ሴንቲ ሜትር ይቅር። አንገቱ ከተገለጠ አፈር ያልብሱት፤ ፀሐይ ያገኘው አንገት አረንጓዴና መራራ ይሆናል። ጥር ላይ ውሃውን አንዴ አጥፍተው አንዴ አያጥለቅልቁት፤ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በጀሪካን ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትሩን አቁመው አናቱን ብቻ ይቁረጡ። አጋድመው ከቆረጡት ጥልቀቱ ለካሮት አይበቃም። ታቹን በ8 ቦታ ይብሱ። 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ ሸካራ አሸዋ ይሙሉበት፤ እዚህ አሸዋው ብዙ ስለሆነና አፈሩ ቀይ ስለሆነ ይሠራል። ከ9 ተክል በላይ አይተዉበት። ጎኑ ፀሐይ ሲያገኘው ሥሩን ስለሚያግለው በጆንያ ይጠቅልሉት።