የቅድመ አያቴ ጎራዴ የቱርክ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። እናቴ ቤት ቁምሳጥን ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የኖረ ጎራዴ አለ፣ ቅድመ አያታችን ጉራ ላይ ከቱርክ የማረከው ነው ይሉናል። ብረቱ ጎባጣ ነው፣ ወደ ጫፉ ግን ይሰፋል፣ እጀታው ጥቁር ቀንድ ሆኖ መጨረሻው እንደ ሽጉጥ እጀታ ይታጠፋል። ወርቅማ የአረብኛ ጽሁፍ አለው ግማሹ ለቋል። ዝጓል ደሞ። አጎቴ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን እናብራው እያለ ነው፣ እኔ ደሞ እውነት ለመናገር መሸጡን እያሰብኩ ነው። ምን ትላላችሁ? (ብ. ከሳሪስ)

መልስ፦ ብ. መጀመሪያ አጎትህን ብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጡልን በላቸው፣ ሌላው ይደርሳል።

እንደነገርከን ከሆነ ነገሩ ክሊጅ ይመስላል፣ የኦቶማኖቹ ጎራዴ ማለት ነው። ዋናው ምልክት ያ ጫፉ ጋ የሚሰፋው ቦታ ነው፣ ቱርኮቹ የልማን ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ እዛጋ ጀርባውም ስለት ስላለው ስትይዘው ተጠንቀቅ። የፋርሱ ሻምሺር ይሄ የለውም፣ እየጠበበ ሄዶ በሹል ያልቃል። ያታጋን የሚባለው ሌላው የቱርኮቹ ጎራዴ ደሞ ጭራሽ እጅ መከላከያ መስቀል የለውም። የብረቱን ጀርባ ከላይ እየው፣ እንደ ባቡር ሀዲድ ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ጎን ከወጣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተሰራ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። አፎቱ ካለ ደሞ አፉ ጋ በጀርባው በኩል የተሰነጠቀ መሆኑን እይ፣ ሰፊው ጫፍ እንዲወጣ ነው እንደዛ የሚሰሩት፣ ስትመዝ ግን ጣትህን እዛ ስንጥቅ ላይ እንዳታደርግ።

ጽሁፉ ውስጥ ቁጥር ካገኘህ የሂጅራ (የእስልምና አቆጣጠር) አመት ሊሆን ይችላል። በአረብኛ አጻጻፍ ነጥቧ ዜሮ ናት፣ ክቧ አምስት ናት፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። በ0.97 አባዝተህ 622 ደምርበት፣ ለምሳሌ 1223 ቢሆን በፈረንጅ 1808 አካባቢ ይመጣልሃል። የታዋቂውን የፋርስ ጎራዴ ሰሪ የኢስፋሃኑን አሰዱላህን ስም ካገኘህ ግን ቶሎ አትደሰት፣ እሱ ስም ባልሰራው ብረት ላይ ሁሉ ሲመታ የኖረ ነው።

የጉራው ታሪክ ሊሆን ይችላል። በ1868 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ያሸነፉት የግብጹ ገዢ የኬዲቭ እስማኤል ጦር ነው፣ ግብጽ ያኔ በስም የኦቶማን ግዛት ስለነበረች ሰዉ ቱርክ ይለው ነበር። ግን ያ ጦር ሬሚንግተን ጠመንጃና ክሩፕ መድፍ ይዞ የመጣ ዘመናዊ ጦር ነው፣ ጎራዴህ ከጦርነቱ በእድሜ የሚበልጥ ቢሆን አይገርመኝም፣ በንግድ በምጽዋ በኩልም ሊገባ ይችላል፣ ምጽዋ እኮ ከ1557 (በፈረንጅ) ጀምሮ ኦቶማኖች እጅ ገብታ ነበር።

አሁን ወደ ዝገቱ። ወርቁ የተያዘው እንደ ፀጉር በቀጠነ ጭረት ላይ ተለጥፎ ነው፣ በማጉያ ብታየው በለቀቀው ቦታ ላይ ጭረቱ ይታይሃል (ለቱሪስት የሚሸጠው ላይ ብዙ ጊዜ ጽሁፉ በአሲድ የተበላ ነው)። ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካለፈበት ወርቁም ጭረቱም አይመለስም። ብረቱ የደማስቆ ከሆነ እንደ ውሃ ሞገድ የሚመስል መስመር አለው፣ እሱም ይጠፋል። እኔ ራሴ በልጅነቴ የቤታችንን ጎራዴ በሎሚና በአመድ አሽቼ እንደ ማንኪያ አብርቼው አባቴ ሳይናገረኝ ሁለት ቀን ከረመ። ስለዚህ ጥቁሩንና ቡናማውን ተወው፣ እሱ እድሜው ነው፣ ቀዩንና የሚፈረፈረውን ብቻ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገህ ጥቂት ቀን አሳድረውና በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልክ አንሳ፣ ወርቁ ጋ ስትደርስ አቁም። ከዛ በንጹህ ጨርቅ ጠርገህ በጣም ስስ ዘይት ቀባው። የምግብ ዘይት አይሆንም ሲቆይ ያጣብቃል፣ ቅቤማ በፍጹም። በባዶ እጅ አትንካው፣ ላብ ጨው ነው፣ የጣትህ አሻራ በዝገት ተስሎ ታገኘዋለህ። ጋቢውንም አውልቅለት እርጥበት ይይዛል፣ ፌስታል ደሞ ይብሳል፣ አፎቱ ውስጥም አታክርመው፣ ለየብቻ አስቀምጣቸው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኛትን ትንሽ የእርጥበት ከረጢት አጠገቡ ጣል አድርግ። እጀታው ቢወላልቅ ሱፐር ግሉ የሚባል ነገር እንዳታመጣ፣ ቀንዱንም ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ እየው።

ሽያጩን በተመለከተ አትቸኩል። ቀንዱ በማጉያ ሲታይ እንደ ተጣበቀ ፀጉር ከሆነ የአውራሪስ ነው ማለት ነው፣ እሱን ድንበር አሻግሮ መነገድ ከ1977 (በፈረንጅ) ጀምሮ በአለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። ቅርስ ደሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 ክልክል ነው፣ ውጪ ገዢ አለኝ የሚል ደላላ ከመጣ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ጠይቀው፣ መልሱን ስትሰማ ሰውየውን ታውቀዋለህ።

ለጊዜው ጽሁፉን በስልክ አንሳና ላክልን፣ ፍላሹን አጥፋው፣ መስኮት ዳር ሆነህ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርገህ።