አንድ ቀሚስ፣ አርባ መልእክት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተቀመጥሽ፣ መተግበሪያዎችን ያለ ኮድ በሚያገናኝ መሣሪያ፣ ኦንላይን የሚሞላውን ፎርም ከሺቱ (ከሰንጠረዡ)፣ ሺቱን ከቢሯችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ጋር ለማገናኘት ስትታገዪ ከርመሻል። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እንቢ ይላል። «ኮድ አያስፈልገውም የተባለው ውሸት ነው ወይስ የኔ ጭንቅላት ነው?» ብለሻል። ጭንቅላትሽ ደህና ነው። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምውል ሰው ሆኜ።

ሽሮ ሜዳ የቤተሰባችን የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለ። የትዕዛዙን ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ደንበኞቻችን ውጭ ናቸው፤ ሜሪላንድ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ። ልኬታቸውን ፎርም ላይ ይሞላሉ። እኔ ደግሞ ያንን አንድ በአንድ ወደ ሺት፣ ከዚያ ወደ ሰፊዎቹ ግሩፕ ስገለብጥ አመሻለሁ። ይሄን ነው ለማሽን ልስጠው ያልኩት።

ኮድ አያስፈልግም ሲሉ እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ግን በእጅሽ ስትሠሪ ሳታስቢው የምታደርጊው ብዙ ነገር አለ፤ ማሽኑ ያን ሁሉ ካልነገርሽው አያውቀውም። ስልክ ቁጥር 911 ብሎ ሲጀምር ሳይ ከፊቱ ዜሮ እንደጠፋች ይገባኛል። ሺት ግን ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገውና ዜሮዋን ይጥላታል። ፎርማቱን ፕሌን ቴክስት (ተራ ጽሑፍ) አድርጌ እስክገላገል ድረስ ሳምንት ሙሉ በዘጠኝ አሃዝ ስልክ ተቸግሬያለሁ። ሰዓቱም እንደዛው። የሰዓት ቀጠናውን ሴቲንግ ሳልነካው ትቼው ስለነበር ሁሉም ነገር ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነበር። በዚያ ላይ ሰፊዎቻችን «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲሉ ማሽኑ የሚረዳው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። እሱን ተይው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ጥፋቴን ልንገርሽ። ትሪገሬን፣ ማለትም ሥራውን የሚያስነሣውን ምልክት፣ «አዲስ ወይም የተስተካከለ ረድፍ» አልኩት። ረድፍ ሲገባ መልእክት ይላካል፣ ከዚያ ሺቱ ላይ «ተልኳል» ተብሎ ይጻፋል። አየሽው? «ተልኳል» ብሎ ሲጽፍ ረድፉ ተስተካከለ። ረድፉ ሲስተካከል እንደገና ይልካል። ማታ 3 ሰዓት ላይ የገባ አንድ የቀሚስ ትዕዛዝ በየሩብ ሰዓቱ እየተላከ አደረ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስነሣ ወደ አርባ ደርሷል። ዋናው ሰፊያችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ደውለው «ልጄ፣ አርባ ቀሚስ ለአንድ ሴት?» አሉኝ። ሰርግ መስሏቸው ክር ሊያስገዙ ነበር። መድኃኒቱ ትሪገሩን «አዲስ ረድፍ» ብቻ ማድረግ ነበር። አንድ ምርጫ ናት። እስካገኛት ግን ሁለት ቀን ፈጅታብኛለች።

ሁለተኛው ያሳፍረኛል። ሜሪላንድ ያለች ደንበኛ ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ አዘዘች። የምትፈልግበትን ቀን ስትሞላ 09/11 ብላ ጻፈች፤ እንደ አሜሪካኖቹ ወሩን አስቀድማ፣ ሴፕቴምበር 11፣ የኛ መስከረም 1 ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ መሣሪያው ውስጥ ቀን ይቅደም፣ ወር ይከተል ብዬ አስተካክዬ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ የኖቬምበር 9 ትዕዛዝ አድርጎ መዘገበው። ምንም ስህተት አላሳየም። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር። የሚያሳብደውም ይሄ ነው፤ ቀይ ቢያሳይሽ ትፈልጊዋለሽ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሲሳሳት ግን ደንበኛ ደውላ እስክታለቅስ አታውቂም። በእጄ ስገለብጥ ቢሆን «ለእንቁጣጣሽ» የምትለዋን ማስታወሻዋን አይቼ እነቃ ነበር። አሁን ፎርሙ ላይ ወሩ በስሙ ከዝርዝር ነው የሚመረጠው። በቁጥር አላስሞላም።

ስለ ወጪ ጠይቀሽ ነበር። ከመክፈልሽ በፊት መሣሪያው ምንን እንደሚቆጥር እይ። እኔ የጀመርኩበት በነፃ በወር 1,000 ሥራ ይሰጥ ነበር። በዛ አልኩ፤ በቀን አምስት ትዕዛዝ ለማይሞላ ሱቅ። ነገር ግን በየ15 ደቂቃው «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ሺቱን ሲያይ ያ ራሱ እንደ አንድ ሥራ ይቆጠራል። በቀን 96 ነው። ባዶ እጁን ሲመላለስ በአሥራ አንደኛው ቀን ኮታዬ አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩም። ዛፒየር የሚባለው መሣሪያ ለምሳሌ ፍተሻውን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ተሳክቶ ያለቀውን ሥራ ነው። ኤን ኤይት ኤን (n8n) የሚባለውን ሌላ መሣሪያ ደግሞ በራስሽ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ግን ሰርቨሩን ራስሽ ልትጠብቂ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም። ዌብሁክ ካለሽ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ፎርሙ ሲሞላ ራሱ መሣሪያውን ይጠራዋል፣ በየሩብ ሰዓቱ መመላለስ ቀረ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «እስከ ሐሙስ ሠርቶ ዓርብ ምንም ሳልነካው ቆመ» ያልሽው ላይ ቆም አልኩ። አንቺ አልነካሽም። የግሩፑ አድሚን ግን ነክቶ ይሆናል። አዲስ የሚገቡ አባላት የድሮውን መልእክት እንዲያዩ ሲከፈት ተራው የቴሌግራም ግሩፕ ሱፐርግሩፕ የሚባል ሌላ ዓይነት ግሩፕ ይሆናል። ያኔ የግሩፑ ቻት አይዲ (መለያ ቁጥሩ) ይቀየራል፤ አዲሱ በ-100 ይጀምራል። ቦትሽ፣ መልእክቱን ወደ ግሩፑ የሚልክልሽ የቴሌግራም አካውንት፣ አሁንም የድሮውን በር ነው የሚያንኳኳው። መሣሪያሽ ውስጥ የተሠራውን ሥራ ታሪክ (ሂስትሪ) የሚያሳየውን ገጽ ክፈቺና የዓርቡን ቀይ መስመር ጫን በዪው። መልሱ ውስጥ ስለ ሱፐርግሩፕ የሚያወራ ዐረፍተ ነገር ካለ ነገሩ እሱ ነው፤ አዲሱም ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ገልብጠሽ በድሮው ቦታ አስገቢው።

ሰው ሁሉ ሲጨንቀው የሠራውን አጥፍቶ ከዜሮ ይጀምራል። እኔም አራት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አታጥፊው። መጀመሪያ ታሪኩን አንብቢ፤ የቱ ደረጃ ላይ ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ አንድ በአንድ ያሳይሻል። ስትሞክሪም «ቴስት ቴስት» ብለሽ አትሙዪ። የአባትን ስም ረስቶ፣ ስልኩን በክፍተት ለያይቶ እንደሚልክ እንደ እውነተኛ ደንበኛ ሙዪው። ለጊዜው ደግሞ ኢሜይሉን፣ ካሌንደሩን፣ ሪፖርቱን ሁሉ ተዪና ፎርምና ቴሌግራምን ብቻ ይዘሽ አንድ ሳምንት እዪው። ስድስት ነገር ባንድ ቀን አገናኝተሽ የቱ እንደተበላሸ ልታውቂ አትችዪም።

እኔ እስከ ዛሬ ለማሽን ያልሰጠሁት የክፍያ ማረጋገጫውን ነው። ደረሰኝ ተብሎ የሚላክልኝን ፎቶ ዓይቼ፣ ባንክ ገብቼ፣ ገንዘቡ መግባቱን በዓይኔ አይቼ ነው «ተከፍሏል» የምለው። ሰነፍ ቢሉኝም ግድ የለኝም።

አንድ አስቸኳይ ነገር ረስቼ። ከጥያቄሽ ጋር ያያያዝሽው ምስል ላይ የቦትሽ ቶክን፣ የይለፍ ቃሉ በይው፣ ሙሉው ይታያል። ያንን የያዘ ማንም ሰው በቦትሽ ስም መልእክት መላክ ይችላል። ምስሉን አጥፊው፤ ማጥፋቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ያየው አይቶታል። አሁኑኑ ቦትፋዘር ጋ፣ ቴሌግራም ላይ ቦቱን የፈጠርሽበት ጋ፣ ሄደሽ ቶክኑን ሪቮክ አድርጊና፣ ማለትም ሰርዢና፣ አዲሱን መሣሪያሽ ውስጥ አስገቢው። ከዚያ የዓርቡን ቀይ መስመር ላኪልኝ፤ ቶክኑን ሸፍነሽ።