ለፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን፦ ቮልሷን ገና አታስነሳት

ጥያቄህን አነበብኩት። የአባትህ 1300 ቮልስ ግቢያችሁ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ከቆመች 11 ዓመት ሆኗታል። አንተ አዲስ ባትሪ ገዝተህ በሌላ መኪና አስጎትተህ ልታስነሳት አስበሃል፤ መካኒኩ ደግሞ «ሞተሯን ጥለን የሌላ መኪና እንግጠምባት» ብሎሃል። ሁለቱንም ተው። እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ዓመታት የቆመች ቮልስ አስነስቼ ዛሬም የምነዳት እሷኑ ነው፤ የሌሎችንም ሳግዝ ከርሜያለሁ። ሁሉም ጋ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሞተሩ ሲጮህ ለመስማት ይቸኩላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሞተር ማስነሳት የመጨረሻው ሥራ ነው።

አንዲት ብር ከማውጣትህ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሳ። መሀል ለመሀል የሚሄደው ጉብ ያለ ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ አጥራው እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ቁጥሩ ከደበዘዘ ሌላ ጣጣ ነው። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሁለቱን ከሊብሬው ጋር አስተያይ። የሌላ መኪና ሞተር አትግጠም ያልኩህ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ፣ መካኒኩ አይደለም። አባትህ እንዳረፉ ጽፈሃል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እንግዲያው የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተህ ስሙን ማዛወር አለብህ። ያልታደሰው ቦሎ ምን እንደሚያስከፍልህም ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ቀድመህ ጠይቅ። መኪናዋን ሠርተው ጨርሰው ወረቀት ያቃታቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ወንበሩ እንደተነሳ በቀኝ በኩል የባትሪውን ቦታ እየው። አሲድ ይፈስበታል፣ ላሜራው ይበሰብሳል። ካቻቢቴ ይዘህ ጫን ጫን አድርገው፤ ከበሳ መጀመሪያ የምትፈልገው ሰው በያጅ ነው። ባትሪ ስትገዛም ክዳን ያለው ይሁን፣ ወይም ወፍራም ጎማ አልብሰው። የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ሁለቱን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል፤ ቮልስ ላይ የታወቀ ነገር ነው። ደግሞ 6 ቮልት ትሁን 12 ቮልት አረጋግጥ። አምፖሎቹ ላይ ተጽፏል። በ6 ቮልት መኪና 12 ቮልት ባትሪ አስሮ አምፖሉን ሁሉ ያቃጠለ ሰው እዚሁ ሰፈራችን አለ።

አሁን ወደ ሞተሩ። መካኒኩ ያውጣት፣ ግን እሷኑ መልሶ ይግጠማት። ቤንዚኑን፣ ገመዶቹንና ሽቦዎቹን ከፈታ በኋላ ከካምቢዮው ጋር የያዟት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሰውና አንድ ጥሩ ክሪክ ያወርዷታል። ለምን ትወርዳለች? አይጥ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያው የሚነፍሰው አየር ነው፤ አየሩም በላሜራ ሽፋን ውስጥ ወርዶ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሀል ያልፋል። እኛ አገር ደግሞ መኪና የሚቆመው ጎተራና የጤፍ ጭድ አጠገብ ነው። እዚህ ማርቆስ የአንዷን ሽፋን ስንከፍት ከውስጡ አንድ እቅፍ ጭድ፣ የወንበር ጥጥና የተፈለፈለ የባቄላ ገለባ ወጣ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ አንድም ክንፍ አይታይም ነበር። ያ ሲሊንደር በደህናውም ቀን ከሌሎቹ የበለጠ ይሞቃል፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ቆሞ አየሩን ስለሚከለክለው። ያቺ መኪና ተጎትታ ብትነሳ ኖሮ ትነሳ ነበር፤ ቡሬ ሳትደርስ ግን ቫልቩን ትበላው ነበር።

ከጸዳች በኋላ አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርግና አሳድረው። በማግስቱ በመፍቻ በእጅህ አዙራት። እንቢ ካለች አታስገድዳት፤ ዘይት ጨምረህ እንደገና ጠብቅ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሳለ በጉተታ ብታስዞራት የሚሰበረው ፋሻው ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው! የቶዮታ ልማድ ያለው ሰው 4 ሊትር ይገለብጥባትና በየጎሚኒው (በየጎማ ማሸጊያው) ሲያንጠባጥብ «ሞተሩ አልቋል» ይልሃል። ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር ወንፊት አለች፣ እሷን አውጥተህ እጠባት። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው። የድሮው መመሪያ ክፍተቱን 0.10 ሚሊሜትር ይላል፣ ኋላ ፋብሪካው 0.15 አድርጎታል፤ እኔ በ0.15 ነው የምሄደው። የፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያቆራርጠው) ክፍተት ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር።

ሳልባትዮው ከፊት ነው፣ ያለውን ቤንዚን በሙሉ ድፋው። 11 ዓመት የቆየ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፣ ካርቡራተሩንም ይደፍነዋል። የቤንዚን ቱቦዎቹን አንድም ሳታስቀር ቀይር፤ ጨርቅ የለበሱት ከላይ ደህና መስለው ከውስጥ ይፈርሳሉ። ሞተሩ ላይ አንዱ ቢሾልክ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ስፒንትሮጅን አጠገቡ ነው፤ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስላለበት እሳት ከያዘው በውኃ አይጠፋም። በሀይላንድ የምትገዛውን ቤንዚን ከመጨመርህ በፊት አቁመህ እየው፤ ውኃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል።

ፍሬን ላይ አትሰስት። ስትረግጠው ፔዳሉ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ አያታልህ። ተጣጣፊዎቹ የፍሬን ቱቦዎች ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ያሳልፋሉ፣ መልሰው ግን አይለቁም። እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንሳ፣ አንድ ሰው ይርገጥና ይልቀቅ፣ አንተ በእጅህ አሽከርክር። ከለቀቀ በኋላም ያዝ ካደረገህ ቱቦው ነው፣ ወይም ውስጥ ያለው ፒስተን ዝጓል። ቱቦዎቹን፣ ጎሚኒዎቹን፣ የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ቀይር። አሮጌዎቹ ላይ ለአራቱም ጎማ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ ሁሉም ሄደ ማለት ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በዚያ ፍሬን መውረድን አስበው። በደህና ፍሬንም ቢሆን ያን ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚወርዱት።

ጎማው ገና ጥርስ አለው ብለሃል። ጥርሱን አትይ፣ ጎኑን እይ። እዚያ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ ካረጀ ጥርስ ቢኖረውም ቀይረው።

መንዳት ስትጀምር ዓይንህ ቀዩ የዲናሞ መብራት ላይ ይሁን። ሌላ መኪና ላይ ቢበራ እየነዳህ ጋራዥ ትደርሳለህ። ቮልስ ላይ ግን ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ (ቀበቶ) ናት፤ መብራቱ ከበራ ተበጥሳ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ። ትርፍ ቺንጋና የሚፈታበት 21 ቁጥር መፍቻ ከመኪናዋ አይለይ።

ጉልበት አነሳት ብለህ እንዳትደናገጥ። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ 1300ዋ ደግሞ አዲስ ሆናም 40 ፈረስ ገደማ ነች። አንዳንዱ መካኒክ ቤንዚን የምትመጥነውን የካርቡራተር ቀዳዳ በጠበበች ይቀይራታል። እዚሁ ደጋ ለሚውል ሰው ጥሩ ነው፤ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ግን አልመክርም፣ ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሳትና ትሞቃለች።

ዕቃ ከዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ቮልስ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ሜክሲኮ ይመረት ነበር፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ፑንቲና፣ ጎሚኒ፣ ቺንጋ ዛሬም አዲሱ አለ። ቀላሉን ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልሃል፤ ላሜራውንና ከባዱን አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ፈልግ። ዋጋ አልጠራልህም፣ ዛሬ የነገርኩህ ለሳምንት አይሆንም። «ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጣችው ዓይነት ናት» እያለ የሚቆልል ሻጭ ሲገጥምህ ግን ስልኩን ዝጋው።

ለአሁኑ ወንበሩን አንስተህ የባትሪውን ቦታና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ እዚህ ለጥፍልን። ላሜራው ምን ያህል እንደሄደ ካየን በኋላ ስለ ብየዳው እንነጋገራለን።