ጥያቄና መልስ፦ የአማቴ አልበም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ባለቤቴ ቤንጋሊ ነው፣ የምንኖረው ዴሊ ቺታራንጃን ፓርክ የሚባለው ሰፈር ነው። አማቴ 86 ዓመታቸው ነው፣ የተወለዱት ባሪሳል ነው፣ አሁን ባንግላዴሽ ያለው፣ ቤተሰቡ ሁሌ «በ1947 ነው የመጣነው» ይላል። አንድ አልበም አላቸው፣ ያ ማጣበቂያ ያለው በላስቲክ የሚሸፈን ዓይነት፣ ግማሹ ፎቶ ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል። የሚላቀቁት ጀርባ ላይ በቤንጋሊኛ ተጽፏል፣ ባሌ ዴሊ ስላደገ ይናገራል እንጂ አያነብም፣ እኔ ደግሞ ፊደሉን ገና እየተማርኩ ነው። አንድ የሠርግ ፎቶ ላይ «ፋልጉን» የሚለውን እንደምንም ለየሁት፣ ዓመቱ ግን 1358 ይመስላል፣ ምን ማለት ነው? የስቱዲዮው ማህተም ባሪሳል ነው የሚለው። ስሞቹ ደግሞ «ኮካ»፣ «ሚኑ» ብቻ ናቸው። አማቴን እንዴት እንደወጡ ስጠይቃቸው «እሱን ተዪው» ይሉኛል። የባሌ የወንድም ልጅ ደግሞ ፎቶዎቹን በአፕ ከለር እያደረገ ለዘመድ እየላከ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአማትሽ ጀምሪ። ተጣብቆ የቀረው ፎቶ ትንሽ ቢቆይ ይታገስሻል፣ ፎቶው ላይ ማን እንደቆመ የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ስካነር ምናምን ከማሰብሽ በፊት ስልክሽን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገሽ ድምፃቸውን ሪከርድ አድርጊ።

የሠርጉ ፎቶ ግን ትልቅ ነገር ይዟል። መጨረሻ ላይ ያለው 8 የመሰለሽ ቁጥር 4 ነው። የቤንጋሊኛው 4 እኛ ከምናውቀው 8 ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ የነሱ 8 ሌላ ቅርጽ ነው ያለው፣ 7ታቸው ደግሞ 9 ይመስላል፣ ሌሎቹን ስታነቢ እሱንም ተጠንቀቂ። እንግዲህ ዓመቱ 1354 ነው። የቤንጋል አቆጣጠር እንደኛው ከፈረንጁ ወደኋላ የቀረ ነው፣ የነሱ ግን በ593 ዓመት ነው፣ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ስለሆነ ከጃንዋሪ እስከዚያ ላለው ጊዜ 594 ትደምሪያለሽ። ፋልጉን ከፌብሯሪ አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ነው፣ ስለዚህ ሠርጉ የተሠረገው 1948 ላይ ነው። ሕንድና ፓኪስታን የተለያዩት ኦገስት 1947፣ ባሪሳል ያለበት ምሥራቅ ቤንጋልም (በኋላ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ዛሬ ባንግላዴሽ የሚባለው) ያኔ ለፓኪስታን ደረሰ፣ ማህተሙ ባሪሳል፣ ያ ማለት ከክፍፍሉ ግማሽ ዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች እዚያው አገራቸው ላይ ልጅ እየዳሩ ነበር!

ይሄን ለቤተሰቡ ስትነግሪ «ውሸታችሁን ነው» እንዳይመስልብሽ። ብዙ ሰው «1947» ሲል ያንን ዘመን በጅምላ ነው የሚጠራው። በምዕራቡ ድንበር፣ በፑንጃብ በኩል፣ ሕዝቡ በወራት ውስጥ ነው የተገለባበጠው፣ ቤንጋል ላይ ግን ስደቱ ዓመታት የፈጀ ነው፣ 1950 መጀመሪያ ላይ ባሪሳልን ጨምሮ በምሥራቅ ቤንጋል ትልቅ ግጭት ተነስቶ ብዙ ሂንዱ ቤተሰብ የወጣው ያኔ ነው፣ ኦክቶበር 1952 ላይ ፓስፖርት ግዴታ ሊሆን ሲል ደግሞ በሩ ሳይዘጋ ልውጣ ያለው ጎረፈ። አልበሙ ውስጥ ፊት ለፊት የተነሱ ትንንሽ ፎቶዎች ካሉ ምናልባት ለዚያ የተነሱ ናቸውና ለይተሽ አስቀምጫቸው። የምትኖሩበት ሰፈር ራሱ መጀመሪያ ኢፒዲፒ ኮሎኒ ነበር የሚባለው፣ በ1960ዎቹ ከምሥራቅ ፓኪስታን ለተፈናቀሉ ሰዎች የተሰጠ ቦታ ነው፣ ቤተሰቡ በራሱ ስም ቦታ ተመርቶ ከሆነ ያ የተመሩበት ወረቀት የሆነ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ፈልጊው፣ መቼና ከየት እንደመጡ ሊነግርሽ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ግን «ኮካ» አታገኚም። ቤንጋሊዎች የቤት ስምና የመዝገብ ስም አላቸው፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ምንም አይገናኙም፣ ኮካ ደግሞ እንደኛ «ማሙሽ» በየቤቱ የሚጠራ ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ውስጥ አጎትየውም የልጅ ልጁም ኮካ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ስም፣ ደግሞም በአባት ወገን ይሁን በእናት ወገን፣ አማትሽን ጠይቀሽ ጻፊ።

«እሱን ተዪው» ካሉሽ ደግሞ ተዪው፣ በፍጹም አትጫኛቸው። ስለ መውጣቱ ሳይሆን ስለ ቤቱ ጠይቂያቸው። ባሪሳል የወንዝ አገር ነው፣ ሰው ከቤት ወጥቶ ጀልባ ላይ ነበር የሚወጣው፣ ስለዚህ ጀልባው የት ነበር የሚታሰረው፣ ኩሬው በየት በኩል ነው፣ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ይርቃል ወይ፣ በያቸው፤ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተሽ ግቢውን ያሳዩሽ። የሠርጉን ፎቶ እጃቸው ላይ ስጫቸውና ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ብቻ ሳይሆን ፎቶው ውስጥ የሌለ ማን እንደነበረም ጠይቂ። ባልሽ መሃል ገብቶ እንዳያስተረጉምልሽ፣ በባሪሳል ቤንጋሊኛቸው ይጨርሱት፣ ያ አነጋገር ራሱ ከሳቸው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ሰዓቱንም አታስረዝሚ፣ ሲደክማቸው አቁሚ።

የተጣበቁትን በጉልበት እንዳትልጪ። የጥርስ ማጽጃ ክር በፎቶውና በገጹ መሃል አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ሞክሪ፣ እምቢ ካለ ገጹን እንዳለ ስካን አድርጊው። ስካኑ ከ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) አይነስ፣ ትንንሾቹን 1200፣ ፋይሉ ቲፍ (TIFF) የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ጀርባውንም እንደ ፊቱ ስካን አድርጊ። ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፣ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ከዚያ አሲድ የሌለው ወረቀት ውስጥ አስገብተሽ ጁላይና ኦገስት እርጥበት የማይደርስበት ቦታ።

የከለሩ ነገር እኔን በጣም ያሳስበኛል። አፑ ቀለሙን አያውቀውም፣ ይገምታል። በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሂንዱ ቤንጋሊ ሴት ነጭ ሳሪ ትለብሳለች፣ ያገባች ሴት የምታደርገውን የዛጎል አምባርም ታወልቃለች፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ያ አምባር ቦግ ብሎ ይታያል። አንዲት አያት በአንዱ ፎቶ አምባር አድርጋ በሌላው ባዶ እጇን ነጭ ለብሳ ካየሽ ባሏ የሞተው በሁለቱ መሃል ነው ማለት ነው፣ ቀኑ ያልተጻፈበትን ፎቶ ቅደም ተከተል በዚህ ታወጪዋለሽ። አፑ ሳሪውን ሮዝ ካደረገውና እጇንም «ካሳመረው» ይሄ ሁሉ ጠፋ። ልጁን አትቆጪው፣ ለቤተሰቡ ታሪክ የሚለፋ ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ግን ፋይሉ ስም ላይ «በአፕ የተቀለመ» ብሎ ይጻፍ፣ ለዘመድ ሲልክም ዋናውን ጥቁርና ነጩን ከጀርባው ጋር አብሮ ይላክ፣ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።