መብራት ሲሄድ ቀኑን የሚረሳ ኮምፒውተር

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ ‹ኤፍ 1 ተጫን› ይለኛል። ቀኑም 2009 ላይ ይገኛል። ዓመቱን 2018 ብዬ ባስተካክለውም ብዙ ድረ ገጽ እምቢ ይላል። አንድ ጥገና ቤት ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ቀይረው አለኝ።»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። በነገርከኝ ምልክት የደከመችው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። ሲአር 2032 በላት፤ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ሆኖ መብራት እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከኮረንቲው ስለሚመገብ ድካሟ አይታወቅም። መብራት ሲሄድ ግን ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ብቻ ናት። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ መብራቱ ይመላለሳል፤ ያጋለጣትም ይኸው ነው።

ገመዱን ንቀል። የቀረው ኮረንቲ እንዲወጣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጫነው። ጎኑን ክፈትና ባትሪዋን ከክብ ማቀፊያዋ ፈልጋት። ጠርዟ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ በጥፍርህ ወደ ውጭ ስትገፋት ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች። በካቻቢቴ አትፈንቅላት፤ ማቀፊያው ከተሰበረ ሥራው ይከብዳል። ከሥር ያለውን ብረትም እየው። እዚህ ሐይቁ ዳር የክረምቱ እርጥበት ቀላል አይደለም፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካየህ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረገውና ይድረቅ። አዲሷን ጽሑፉና የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገህ ክተታት። ስትገዛ መልቲሜትር ካላቸው አስለካት። ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ካላለች ሌላ ይስጡህ፤ ሱቅ ውስጥ የከረመች ልትሆን ትችላለች።

አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ አትተዋት፣ አደራ! በፕላስተር ጠቅልለህ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጣት። ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። እንዲህ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሳይሆን፣ በዚያችው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ድረ ገጾቹ። 2018 የእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል የደህንነት ሰርተፊኬት አለው። አንተ 2018 ስትለው ኮምፒውተሩ «ቀኑ ገና አልደረሰም» ብሎ ይዘጋብሃል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨምርበት። ወሩንና ቀኑንም በእነሱ አድርገው። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እሱ ጋ 8 ነው። ዊንዶውስ የሰዓት ክልል ሲጠይቅህ ናይሮቢን ምረጥ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ ማታ ገመዱን ነቅለህ አሳድረው። ጠዋት ሰዓቱ ልክ ከሆነ አበቃ። ባትሪዋ ደህና ሆና እንደገና ከረሳው ግን፣ ያኔ ማዘርቦርዱን እንጠርጥር፤ ጻፍልኝ።