ከኢኮኖሚክስ ወደ ማርኬቲንግ

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ አለኝ፣ ከጣና ዳር ዓሣ እየተረከብሁም ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። በማርኬቲንግ ተምሬ መምህር ለመሆን ብነሣ ያለፈው ድካሜ ከንቱ ይቀራልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከቶ አይቀርም። በዘርፉ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ፊሊፕ ኮትለር እ.ኤ.አ. በ1953 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1956 ደግሞ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዶክትሬታቸውን ያገኙት በኢኮኖሚክስ ነበር። በ1962 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን ተቀላቀሉ፤ በ1967 ባሳተሙት የማርኬቲንግ ማኔጅመንት መማሪያ መጽሐፍም የኢኮኖሚክስን፣ የሒሳብንና የሰውን ጠባይ የሚያጠኑ ሳይንሶችን ዕውቀት አጣምረው ዘርፉን በጽኑ መሠረት ላይ አቆሙት። እንደ አይቢኤም ያሉ ኩባንያዎችንም አማክረዋል። እኛን ይበልጥ የሚማርከን ግን በ1971 ከጄራልድ ዛልትማን ጋር ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ የማርኬቲንግ ጥበብ ሸቀጥ ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ምጣኔ ላሉ የማኅበረሰብ ጉዳዮችም እንደሚያገለግል አስረድተዋልና።

የእርስዎ ንግድም ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ነው። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበዛ፣ ዓሣው እንዳይበላሽ የሚቀመጥበት በረዶ ሲጠፋ፣ ምግብ ቤቱ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ትቶ አምባዛ የተባለውን ሲመርጥ ዋጋውንና ምክንያቱን ከዛሬ ጀምሮ በመዝገብ ያስፍሩ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍዎ መነሻ ይሆንዎታል።